አቡጀዲ፣ ካኪና ቴትሮን፤ አቃቂ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአለባበስ ታሪካችን

ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ቃሊቲን አልፎ አቃቂ የሚደርስ መንገደኛ ግራና ቀኙን የፋብሪካ አጥርና መጋዘን ያጅበዋል። አካባቢው በዛሬ አጠራሩ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ በብረታ ብረት፣ በምግብ ማቀነባበርና በሌሎችም የኢንዱስትሪ ዘርፎች ይታወቃል። በሀገራችን የአለባበስ ታሪክ ውስጥ ግን አቃቂ ስሙን ያስጠራው በጨርቃ ጨርቅ ነው። ከዛሬ ስድሳ ዓመት በላይ በፊት በዚህ ስፍራ የተተከሉት የመፍተያና የመሸመኛ መሣሪያዎች፣ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረውን ጨርቅ በሀገር ውስጥ ምርት ለመተካት ከተደረጉት ቀደምት ጥረቶች መካከል ይመደባሉ።

የፋብሪካውን ታሪክ ለመረዳት ከእርሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያውያን ልብስ ለብዙ ዘመናት ሸማ ነበር። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶው በሴቶች እጅ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል፤ ከዚያም ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል። የእጅ ሸማ ወርዱ መወርወሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ለመቀበል በሚያስችለው የክንድ ስፋት የተወሰነ ነው። ሰፊ ልብስ የፈለገ ሰው ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ማሰፋት ነበረበት። ብርድ የሚከላከለው ጋቢ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኖ ይሠራል።

ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል እንዲሉ፣ አንዱ ጨርቅ እንደ አለባበሱ ብዙ ይናገር ነበር። በታላቅ ሰው ፊት የቆመ አደግድጎ፣ ቤተ ክርስቲያን የገባ መስቀልያ አጣፍቶ፣ ሐዘንተኛው ደግሞ ጥለቱን ወደ ፊቱ አዙሮ ይለብሳል። ሐዘኑ የበረታበት ሰው ነጭ ልብሱን አጥቁሮ ከል ይለብሳል። ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የማዕርግ ምልክት ነበር። ለዚህ ጥለት የሚሆነው ደማቅ ክር በሀገር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሸማኔዎች ከውጭ የመጣውን ባለቀለም ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥበብ ያውሉት እንደነበር የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። ስለዚህ «ጥንታዊ» የምንለው ጥበብ ራሱ ከመጀመሪያውም ከዓለም ገበያ ጋር የተቆራኘ ነበር ማለት ነው። ይህን ማስታወሱ ዛሬ ስለ ባህል ልብስ ንጽሕና ለሚካሄደው ክርክር ይጠቅማል።

ሸማውን ለሠራው ሰው ይሰጠው የነበረው ክብር ግን ከልብሱ ክብር ጋር አይመጣጠንም ነበር። ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። ስድቡ በአዋጅ ወዲያው አልጠፋም። ይሁን እንጂ በአዲስቱ ከተማ ሸማኔ እጅግ ያስፈልግ ስለነበር፣ ከጋሞ ደጋማ አካባቢ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ባለሙያዎች በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ዙሪያ ሰፍረው የሙያውን ማዕከል መሠረቱ።

በዚሁ ዘመን ከእጅ ሸማ ጋር የሚፎካከር ርካሽ ጨርቅ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ይገባ ነበር። ይህም አቡጀዲ ነው። አቡጀዲ ያልተነጣና ያልተቀለመ፣ ድርና ማጉ እኩል አንድ በላይ አንድ በታች እየተሻገረ የተሸመነ ተራ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን፣ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በሃያኛው መባቻ ከሁሉ ይልቅ ተፈላጊ የነበረው የአሜሪካ ፋብሪካዎች ምርት ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ነዋሪዎች ይህንኑ ጨርቅ «አሜሪካኒ» ብለው ሰይመውታል። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር በታኅሣሥ ወር 1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ሀገሩ ከኢትዮጵያ ጋር ከነበራት ንግድ ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ያደረጉት የመጀመሪያው ስምምነት ከጀርባው አቡጀዲ ነበረበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሜሪካ ግን ገበያውን ይዛ አልቆየችም። በ1920ዎቹ ጃፓን በዋጋ ርካሽነት ሌሎቹን አስወጥታ የኢትዮጵያን የጥጥ ጨርቅ ገበያ አብዛኛውን ድርሻ ያዘች። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን የተጓዙትም የሁለቱ ሀገሮች ግንኙነት በዚህ ንግድ በተጠናከረበት ወቅት ነው። ከህንድ ደግሞ የተዘጋጀ ክር በብዛት ይገባ ነበር። ይህ ክር በቤት ውስጥ በእንዝርት የምትፈትለውን ሴት ሥራ ቀስ በቀስ እየተሻማ መጣ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ የጥጥ ፋብሪካ በጣሊያኖች እጅ እ.ኤ.አ. በ1939 በድሬዳዋ የተቋቋመው ነው። ከነፃነት በኋላ መንግሥት ለጨርቃ ጨርቅ ልዩ ትኩረት የሰጠበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ጨርቅ ከውጭ ለሚገቡ ሸቀጦች ከሚወጣው ገንዘብ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ሲሆን፣ ጥጥ ደግሞ በሀገር ውስጥ ሊበቅል የሚችል ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1949 ዓ.ም. ህንድን ጎበኙ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ የህንዱ የቢርላ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ወገን ጋር በሽርክና በአቃቂ «ኢንዶ ኢትዮጵያ» የተባለውን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋመ። ይህ ሽርክና ለህንድም ታሪካዊ ነው፤ የህንድ ባለሀብቶች ከሀገራቸው ውጭ ካቋቋሟቸው የመጀመሪያ የጋራ ኩባንያዎች አንዱ ሆኖ በኢኮኖሚ ጸሐፍት ዘንድ ይጠቀሳል። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ጨርቅ የእጅ ሸማኔዎቿን የጎዳባት ህንድ፣ ነፃ በወጣች በአሥራ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የፋብሪካ ዕውቀቷን ይዛ ወደ ሌላ የሸማኔ ሀገር መምጣቷ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

አቃቂ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ምቹ ነበር። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂ ደርሶ ነበር፤ ወንዝ አለ፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ የሀገሪቱ ትልቁ ገበያም ከሃያ ኪሎ ሜትር አይርቅም። አካባቢው ለአዲስ ነገር እንግዳ አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. ተመርቆ የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ ለዓለም ያሰማው የራዲዮ ጣቢያ የቆመውም በአቃቂ ነው። ጥሬ ዕቃውን በተመለከተ ደግሞ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በአዋሽ ሸለቆ ሰፋፊ የጥጥ እርሻዎች ተከፈቱ። የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ የተሳተፈበት የተንዳሆ እርሻ ከእነዚህ ትልቁ ነበር። በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ሥራ ጀመረ።

አንባቢ ስለ ፋብሪካ ጨርቅ አሠራር ግንዛቤ እንዲኖረው ሂደቱን ባጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው። የተዳመጠውና በቤል የታሸገው ጥጥ ተፈልፍሎ ከቆሻሻ ይጸዳል፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የሽቦ ጥርሶች ይበጠራል፤ ከዚያም እየተሳበና እየቀጠነ ሄዶ በሚሽከረከሩ እንዝርቶች ላይ ክር ይሆናል። የክሩ ውፍረት በቁጥር ይገለጻል። አንድ ፓውንድ ማለትም 454 ግራም ገደማ የሚመዝን ጥጥ እያንዳንዱ 768 ሜትር የሚረዝም ስንት ጥቅል ወጣው የሚለው ነው ቁጥሩ። 20 ቁጥር ክር ከአንድ ፓውንድ ሃያ ጥቅል ይወጣዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ እየቀጠነ ይሄዳል። ወደ መሸመኛው ከመግባቱ በፊት ድሩ በስታርች ይነከራል፤ ያለዚያ የመሣሪያውን ፍትጊያ አይችልም። አዲስ አቡጀዲ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሸው በዚህ ምክንያት ነው። ሲታጠብ ስታርቹ ይለቃል፤ ጨርቁም ይለሰልሳል፣ ይሸበሸባል፣ ያጥራል። ልምድ ያለው ልብስ ሰፊ ደንበኛውን «መጀመሪያ አጥበህ አምጣው» የሚለው ለዚሁ ነው።

አቡጀዲ በሀገራችን ያልገባበት የሕይወት ዘርፍ የለም ማለት ይቻላል። ገበሬው እጀ ጠባብና ሱሪ ያሰፋበታል፤ እናት ለሕፃን ታቅፍበታለች፤ ከረጢትና ገበር ይሆናል፤ ሠዓሊው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቅዱሳንን ይሥልበታል፤ በመጨረሻም ለከፈን ይውላል። ስለ ልብስ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ካባና ስለ ጥልፍ ብቻ የመጻፍ ልማድ አለ። የብዙኃኑ ታሪክ ግን የተጻፈው በዚህ ጥለት በሌለው ጨርቅ ላይ ነው።

የፋብሪካው ክር ከፋብሪካው ጨርቅ ያላነሰ ለውጥ አምጥቷል። ሸማኔዎች ለድር ጠንካራና ወጥ የሆነውን የፋብሪካ ክር መርጠው፣ ለማጉ የእጅ ፈትልን ማዋል ለመዱ። የፋብሪካ ድር ስለማይበጠስ ሥራው ይፈጥናል፤ የእጅ ፈትል ማግ ደግሞ ለሸማው ልስላሴና ሙቀት ይሰጠዋል። እንዲህም ሆኖ ዛሬ «የሀበሻ ልብስ» ብለን የምንጠራው አብዛኛው ምርት የማሽንና የእጅ ውጤት ሆነ። ፋብሪካው ሸማኔውን ያጠፋዋል ተብሎ ቢሰጋም በተግባር የጎዳው ሸማኔውን ሳይሆን ፈታይዋን ነው። የእርሷ ሥራ በቤት ውስጥ ስለነበር የደረሰባት የገቢ ማጣት በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

በሌላ በኩል ፋብሪካዎቹ አዲስ ዓይነት ሠራተኛ ፈጠሩ። በአቃቂ፣ በድሬዳዋና በባሕር ዳር በፈረቃ የሚሠሩ፣ ደመወዝ የሚቀበሉ፣ ቱታ የሚለብሱ ወንዶችና ሴቶች ተበራከቱ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ከንቅናቄው ግንባር ቀደሞች መካከል ነበሩ።

የከተማው አለባበስም በዚሁ ጊዜ በፍጥነት እየተለወጠ ነበር። ከጦርነቱ በፊት መኳንንቱና የመንግሥት ሠራተኛው ተፈሪ ሱሪ በኮት፣ በላዩም ካባ ወይም ኩታ ይደርብ ነበር። ከነፃነት በኋላ ሙሉ ልብስና ከረባት የቢሮ ደንብ ሆነ። ካኪም ተስፋፋ። ቃሉ በህንድ ቋንቋዎች አልፎ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን ፍቺው «አቧራማ» ማለት ነው። የእንግሊዝ ጦር በህንድ ያስለመደው ይህ ቀለም በእኛ ሀገር የወታደር፣ የዘበኛና የተማሪ መለያ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የተሰማሩት ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራንም የዘመቱት ካኪ ለብሰው ነው።

የአለባበስ ጉዳይ ከጌጥነት አልፎ የፖለቲካ ጥያቄ መሆኑ በግልጽ የታየው መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። በዕለቱ በስድስት ኪሎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተሰናድቶ ነበር። ትርኢቱን የተቃወሙ ተማሪዎች በአዳራሹ ደጃፍ ተሰብስበው በእንግዶቹና በተሳታፊዎቹ ላይ እንቁላል ወረወሩ፤ ፖሊስ ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ሕዝቡ በድህነት በሚኖርበት ሀገር የምዕራባውያን አጭር ቀሚስ ማሳየት የባህል ወረራ ነው የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ጥናቶች ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። ስለ ሀገርና ስለ ኢምፔሪያሊዝም የተጀመረው ክርክር እንዴት በሴቶች አካልና ልብስ ላይ ሊያርፍ ቻለ? ኮትና ሱሪ የለበሱት ተቃዋሚ ወንዶች የራሳቸው ልብስ ከየት እንደመጣ አልተጠየቁም ነበር። ይህ ጸሐፊ ሁለቱም ወገን የነካው እውነት አለ ብሎ ያምናል፤ እንቁላሉ ግን የተወረወረው ወደ አንዱ ወገን ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን ከጥጥ ጋር የሚወዳደር አዲስ ጨርቅ መጣ። የጃፓኖቹ ቶሬና ቴይጂን ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1958 ማምረት የጀመሩት «ቴቶሮን» የተባለ ፖሊስተር በእኛ ሀገር ቴትሮን ተብሎ ታወቀ። ቴትሮን ሱሪ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ የተተኮሰበት መስመር ሳይጠፋ ይቆያል፣ ለዓመታትም አያልቅም። ካውያ በከሰል በሚሞቅበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በሞጆ የተቋቋመው የኢትዮ ጃፓን ፋብሪካም የሰው ሠራሽ ክር ጨርቅን ወደ ሀገር ውስጥ ምርት አስገባው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለእንቁጣጣሽ የተገዛለትን የቴትሮን ሱሪ ከራሱ አልፎ ለታናሽ ወንድሙ ሲያወርስ ቀለሙ እንኳ እንዳልለቀቀ ያስታውሳል።

ጥር 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ሙሉ በሙሉ ሲወርስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት ይዞታ ዞሩ። የቢርላ ድርሻም በዚሁ አበቃ፤ ፋብሪካው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ተብሎ እንደ ሌሎቹ በብሔራዊ የጨርቃ ጨርቅ ኮርፖሬሽን ሥር ሆነ። በዚህ ዘመን የምርቱ መዳረሻ ሦስት ነበር ለማለት ይቻላል፤ ጦሩ፣ ትምህርት ቤቱና የቀበሌው የኅብረት ሱቅ። አቡጀዲና የአልጋ አንሶላ በተራና በኮታ ተሸጡ። ባለሥልጣኑና የቢሮ ሠራተኛው ከሙሉ ልብስ ይልቅ ሰፋሪ መረጠ። የመለዋወጫ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ማሽኖቹን እያስረጀ ቢሄድም፣ ኮምቦልቻን የመሳሰሉ አዳዲስ ፋብሪካዎች ተጨምረዋል። ገዢው የሚመርጠው ሌላ ነገር ስላልነበረው ግን የጨርቁ ንድፍና የቀለሙ ጥራት ብዙ አላሳሰበም። በኋላ ለመጣው ውድቀት ከማሽኖቹ እርጅና እኩል ምክንያት የሆነው ይህ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቻችን ከእስያ ርካሽ ምርትና በኮንትሮባንድ ከሚገባው ልባሽ ጨርቅ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ሰልባጅ በርካሽ የሚያለብስ በመሆኑ ሸማቹን መውቀስ አይቻልም። የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል የማዛወሩ ሥራ በ1986 ዓ.ም. በተቋቋመው ኤጀንሲ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ፋብሪካን በጨርቅ ሳይሆን በስፌት የሚመለከት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የአጎዋ ሕግ ከቀረጥ ነፃ ገበያ አስገኘ፤ በ2002 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ በኋላ ከሌሎች ጋር በማኑፋክቸሪንግ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ተጠቃለለ፤ በ2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ስትታገድ ለአሜሪካ ገበያ ይሰፉ የነበሩ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ፓርኮቹ የሚሰፉት ጨርቅ አብዛኛው ከውጭ ተፈትሎና ተሸምኖ የሚመጣ መሆኑ ከአቃቂ ዘመን ጋር ሲነጻጸር የሚታይ ልዩነት ነው። አቃቂ የተተከለው ከጥጡ እስከ ጨርቁ ያለውን ሥራ በሀገር ውስጥ ለማድረግ ነበር።

አሳሳቢው ጉዳይ መዝገቡ ነው። በውጭ ሀገር የቆዩ የጨርቅ ፋብሪካዎች ያመረቱትን እያንዳንዱን ዓይነት ቁራጭ ናሙና በመጽሐፍ ለጥፈው ያስቀምጣሉ፤ እንግሊዝ ማንቸስተርን፣ ህንድ አህመዳባድን በሙዚየም ታስጎበኛለች። በሀገራችን ሙዚየሞች የነገሥታት ካባና የባህል ልብስ እንጂ የአቃቂ አቡጀዲ ወይም የትምህርት ቤት ካኪ በክብር ተቀምጦ ማየት የተለመደ አይደለም። ርካሽ ጨርቅ እስኪያልቅ ይለበሳል፣ ከዚያ መወልወያ ይሆናል፤ ናሙናው የሚጠፋውም በዚሁ ነው። በማሽኖቹ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሠራተኞች ዛሬ አርጅተዋል። የክሩ ቁጥር፣ የቀለሙ አነካከር፣ በየዓመቱ የተለወጠው ንድፍ ያለው በእነርሱ ትውስታ ውስጥ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል መቅጃ መሣሪያ ይዞ አቃቂ ቢወርድ ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

የእጅ ሸማው በበኩሉ ከተገመተው በላይ ዘልቋል። ሽሮ ሜዳ በበዓል ዋዜማ ያለውን መጨናነቅ ያየ ይመሰክራል። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቋቋመችው ለምለም የኢትዮጵያን ሸማኔዎች ሥራ በኒው ዮርክ መደብሮች አስገብታለች፤ አዲስ አበባ ውስጥም የሸማ ጨርቅን በዘመናዊ ቅድ የሚሠሩ ዲዛይነሮች ተበራክተዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥታ በኒው ዮርክ በሙሽራ ቀሚስ ታላቅ ስም ያተረፈችው አምሳለ አበራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ለብዙዎቹ አርአያ ነበረች።

አሁን ሸማኔውን የሚፈታተነው ከውጭ የሚገባው በማሽን የታተመ የጥበብ አምሳያ ነው። ሸማኔው ቀናት የሚወስድበትን ጥለት ማተሚያው በደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ዋጋውም ከግማሽ በታች ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ ልዩነቱ አይታወቅም። ገዢው ግን ጨርቁን መገልበጥ ይችላል። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ባለቀለሙ ክር በድሩ መካከል ስለሚያልፍ ጀርባውም ንድፉን ይዞ ይታያል፤ የታተመው በጀርባው ደብዝዟል ወይም ነጭ ነው። ጥርጣሬ ከቀረ ከጥለቱ ጠርዝ አንዲት ክር መዝዞ ማየት ነው፤ የተሸመነው ክር ዙሪያውን ቀለም አለው፣ የታተመው ግን በአንድ ጎኑ ብቻ።